ለትንሽ ፓርቲ ድምፅ መስጠትና ሎቶ መሙላት አንድ ናቸው?

መክፈቻው። ይህ የአንድ የኢንተርኔት ውይይት ክር ማጠቃለያ ነው፤ መልሶቹን በየተራቸው አስቀምጫለሁ። ጠያቂው እስራኤል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ብሎ ጀመረና ሁለት ነገር በአንድ ገመድ አሰረ። ሎቶ የድሃ ግብር ነው አለ፤ የሎተሪው ድርጅት የሚፋል ሀፓይስ (ባጭሩ ፓይስ) ኪዮስክ ደጃፍ ቆሞ የሚታየው ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው ነው። ያው ሰው በምርጫ ቀን ለትንሽ ፓርቲ ድምፁን ሲሰጥ ደግሞ ሌላ ሎቶ መሙላቱ ነው፤ ወረቀት ይጥላል፣ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ውጤት ይጠብቃል፣ ሲነጋ እጁ ባዶ ነው። ልዩነት አላቸው የሚል ካለ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳየኝ፣ ትንሽ ፓርቲ ከምንም ተነስቶ ክነሴት (የእስራኤል ፓርላማ) የሚገባውስ በምን መንገድ ነው ሲል ጠየቀ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ ብሎም አሳሰበ። አንድ ሰው ብቻ ነው ያልሰማው።

1። የመጀመሪያው መላሽ ስለ ፓርቲ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ይዞ የመጣው ሒሳብ ነው። ሎቶ ከ1 እስከ 37 ካሉት ቁጥሮች 6 ያስመርጣል፤ ይህ ብቻውን 2,324,784 ዓይነት አመራረጥ አለው። ከ1 እስከ 7 የሚወጣው ጠንካራው ቁጥር ሲጨመርበት በ7 ይባዛና 16,273,488 ይሆናል። ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ ሁለት ሁለት ሰንጠረዥ የሚሞላ ሰው በዓመት 208 ዕድል ይገዛል፤ በዚህ አያያዝ አንደኛው ሽልማት በአማካይ በ78 ሺህ ዓመት አንዴ ይደርሰዋል። የልጆችን የልደት ቀን መሙላትም ዕድሉን አይጨምርም ሲል በትሕትና አከለ። እንዲያውም ብዙ ሰው ከ31 በታች ስለሚመርጥ፣ ቢወጣ እንኳ ሽልማቱን የሚካፈለው ሰው ይበዛል።

2። ሁለተኛው ሒሳቡን አመስግኖ ተቀበለና ጥፋተኛው ግን ሎቶ አይደለም አለ። ኪስ የሚያደርቀው የዕድሉ ማነስ ሳይሆን የጨዋታው ፍጥነት ነው። ሎቶ በሳምንት ተቆጥሮ ስለሚወጣ ሰው በመካከሉ ይቀዘቅዛል። ቻንስ የሚባለው የካርታ ጨዋታ ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው ስምንት ካርታ ስላላቸው አራቱንም መግጠም 1 በ4,096 ነው፤ አንዱን ብቻ መግጠም ግን 1 በ8 ስለሆነ ተጫዋቹ አሁንም አሁንም ትንሽ ትንሽ እያገኘ የተሳካለት ይመስለዋል። ኺሽ ጋድ የሚባለው ተፋቂ ካርድ ከዚያም ይብሳል፤ ፍቆ ውጤቱን እስኪያይ አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ ያገኘውን 20 ሼቄል እዚያው ቆሞ በሌላ ካርድ ይለውጠዋል። ከሁሉ የከፋው ፓይስ በየሰፈሩ ተክሏቸው የነበሩት የዕድል ማሽኖች ነበሩ፤ በአብዛኛው የተተከሉት በደከሙ ሰፈሮች ነው ተብሎ ብዙ ከተጮኸ በኋላ በጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር በነበረው በሞሼ ካሕሎን ግፊት ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ቆሙ። እኔ እንደማየው የዚህ ክር ምሰሶ ይህ መልስ ነው፤ ሎተሪንና ትንሽ ፓርቲን በካሕሎን ስም እውነት ያገናኘው እሱ ነው፣ ምንም እንኳ ጸሐፊው ራሱ ባያስተውለው።

3። ሦስተኛዋ ለፓይስ ተከራከረች። ድርጅቱ በ1951 በቴል አቪቭ ከተማ አስተዳደር የተጀመረው ለሆስፒታል ግንባታ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው፤ ዛሬም ትርፉ ወደ ከተማ አስተዳደሮች ሄዶ የመማሪያ ክፍል፣ የስፖርት አዳራሽ፣ የሰፈር ማዕከል ይሆናል። ልጆቻችን የሚማሩባቸውን የአሽኮል ፓይስ ሕንፃዎች ማን ሠራቸው ብላ ጠየቀች።

4። አራተኛው እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ። ገንዘቡ ምን ሠራ የሚለውና ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው አለ። 6 ሺህ ሼቄል የሚያገኝ ሰው በወር 200 ቢያወጣ ከገቢው 3.3 በመቶ ነው፤ 30 ሺህ የሚያገኘው ያንኑ ቢያወጣ 0.67 በመቶ። የገቢ ግብር ትሉሽ (የደመወዝ ወረቀት) አይቶ ይቆርጣል፣ ኪዮስኩ ትሉሽ አያይም። ሕንፃው ለከተማው ሁሉ ነው፣ ከፋዩ ግን አንድ መንገድ ላይ ያለ ሰው ነው። ለሦስተኛዋ አንቺ ብሎ መጻፉን አንዳንዶች አልወደዱለትም፤ ሒሳቡን ግን የነካበት የለም።

5። አምስተኛው ክሩን ወደ ፓርቲ መለሰ። ካሕሎንን ያነሳችሁት ሰውየው ከየት እንደመጣ ሳትናገሩ ነው አለ። ሊኩድ ውስጥ ሆኖ የመገናኛ ሚኒስትር ሳለ የሞባይል ገበያውን ለአዳዲስ ኩባንያዎች ከፍቶ የስልክ ወጪ አሽቆለቆለ። ሕዝቡ ይህን ያወቀው ከንግግር ሳይሆን በየወሩ ከሚመጣለት ሒሳብ ነው። በ2014 መጨረሻ ኩላኑ የሚባለውን ፓርቲ ሲያቋቁም መራጩ ፕሮግራሙን ማንበብ አላስፈለገውም፤ ስሙ ከስልክ ሒሳብ ጋር ተጣብቆ ነበር። በ2015 ምርጫ 10 ወንበር አገኘ፣ የገንዘብ ሚኒስቴርንም ያዘ። በኤፕሪል 2019 ወደ 4 ወረደና ሊኩድ ውስጥ ቀለጠ። የቤት ዋጋ አወርዳለሁ ብሎ ነበር የገባው፤ የቤት ዋጋ እንደ ስልክ ቶሎ አይወርድም። መላሹ ከዚህ ያወጣው ነገር፣ ትንሽ ፓርቲን የሚያነሳው መራጩ ቤቱ ተቀምጦ ሊለካው የሚችል አንድ ነገር ነው፤ የሚጥለውም ያው መለኪያ ነው የሚል ነው።

6። ስድስተኛዋ ለመክፈቻው ጥያቄ በቀጥታ መልስ የሰጠች የመጀመሪያዋ ናት። የሎቶ ኳስ ስንት ሰው እንደሞላ አያውቅም። ጎረቤትህ ያንተኑ ቁጥር ቢሞላ ዕድልህ ቅንጣት አይጨምርም፤ ጭራሽ 1ኛው እንዳለው ሽልማቱን ይካፈልሃል። ድምፅ ተቃራኒው ነው፤ ጎረቤትህ ያንተኑ ወረቀት ሲጥል ያንተም ዋጋ ያገኛል። ሎቶ የብቻ ነው፣ ድምፅ ደቦ ነው አለች። ከዚህ በኋላ ደቦ የምትለው ቃል እስከ ክሩ መጨረሻ አልጠፋችም።

7። ሰባተኛው ደቦውን ተቀብሎ ደፉን አመጣ፤ አኹዝ ሀሐሲማ የሚሉትን፣ ፓርቲ ክነሴት ለመግባት ከጠቅላላው ድምፅ ማግኘት ያለበትን ድርሻ። እስከ 1988 ምርጫ 1 በመቶ ነበር፣ በ1992 1.5 ሆነ፣ በ2006 2፣ ከ2015 ወዲህ 3.25። ከ120 ወንበር 3.25 በመቶው 3.9 ነው፤ ስለዚህ ፓርቲ ወይ በ4 ወንበር ይገባል ወይ ውጭ ያድራል፣ በ1 ወይም በ2 ወንበር መግባት ቀርቷል። በኖቬምበር 2022 ሜሬትስ 150,793 ድምፅ፣ 3.16 በመቶ አግኝቶ ውጭ ቀረ፤ የጎደለው 4 ሺህ ገደማ ነበር። በኤፕሪል 2019 የናፍታሊ ቤኔት ያሚን ሀሐዳሽ 3.22 በመቶ ላይ በ1,400 ገደማ ድምፅ ወደቀ። ደቦ ነው ካላችሁ፣ አንድ ሰው ሲጎድል አዝመራው ሙሉ በሙሉ የሚቃጠልበት ደቦ ነው አለ። ከሎቶ የሚለየው ታዲያ ኪሳራው ላይ አይደለም፤ ቀድሞ ሊሰላ መቻሉ ላይ ነው።

8፣ 9 እና 10። ስምንተኛው ለዚህ መድኃኒት አለው ብሎ የትርፍ ድምፅ ስምምነትን አነሳ፤ ሁለት ፓርቲዎች ተፈራርመው አንዱ ያነሰውን ከሌላው ይሞላል፣ ስለዚህ ትንሹ በትልቁ ትከሻ ይገባል። ዘጠነኛው ምሕረት አላደረገለትም። ስምምነቱ የሚሠራው ሁለቱም ደፉን ለየብቻ ካለፉ ብቻ ነው፤ ደፉን ያላለፈ ፓርቲ ድምፅ ለተፈራራሚውም አይተላለፍም። ከ1973 ምርጫ ጀምሮ ባለው የባደር-ኦፈር አሠራር ሁለቱ ተፈራራሚዎች እንደ አንድ ዝርዝር ተቆጥረው የተረፉት ወንበሮች በሚታደሉበት ጊዜ አንድ ተጨማሪ ወንበር የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ይላል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በየምርጫው ሰው ያሳስታል ብሎ ስምንተኛውን ገሠጸው። ስምንተኛው በ10ኛው መልስ ተመልሶ ስህተቱን አመነ፤ ነገር ግን ማስተማርና መስደብ ይለያያሉ ብሎ ነው ያመነው። እስከዚያ ድረስ አንቱ ሲባባሉ የነበሩ ሰዎች ከዚህ በኋላ አንተ ተባባሉ።

11። አስራ አንደኛዋ ከደፉ በታች የቀረ ድምፅ ጨርሶ ከንቱ ነው መባሉን አልተቀበለችም። በፓርቲዎች ገንዘብ ድጋፍ ሕግ መሠረት ደፉን ባያልፍም ከጠቅላላው ድምፅ 1 በመቶ ያገኘ ዝርዝር የአንድ ወንበር ያህል የምርጫ ወጪ ከመንግሥት ይከፈለዋል፤ ይህ ከ1 ሚሊዮን ሼቄል በላይ ነው። ገንዘቡ በአንዴ አይለቀቅም፤ የመጨረሻው ክፍል የሚመጣው የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሒሳቡን መርምሮ ካጸደቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ነው ትንንሾቹ የሚሰናከሉት፦ ለመኪና ኪራይ፣ ለወረቀት አጣባቂ፣ ለአዳራሽ በጥሬ ገንዘብ ከፍለው ደረሰኝ አይይዙም። 0.9 በመቶ ላይ የቀረ ደግሞ ይህን ገንዘብ አያገኝም፤ ዕዳው እሱው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ደፉ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፣ 1 እና 3.25 አለች። ይህን ያህል ጠቃሚ መልስ አንድ ሰው ብቻ ነው ያመሰገነው።

12። አስራ ሁለተኛው ድጋፍ ከድሃ ሰፈር እንዴት እንደሚሰበሰብ የሰፋርዲ ሃይማኖተኞችን ፓርቲ ሻስን አስረጂ አድርጎ ዘረዘረ። ፓርቲው መጀመሪያ የተወዳደረው በ1983 ለኢየሩሳሌም ከተማ ምክር ቤት እንጂ ለክነሴት አልነበረም፤ የከተማ ምርጫ በጥቂት ሺህ ድምፅ ሰው ያስገባል፣ የገባውም ሰው በጀትና ቢሮ ያገኛል። በ1984 ክነሴት በ4 ወንበር ገባ፣ በ1999 17 ደረሰ። መሐል ላይ የሆነው ነገር ትምህርት ቤት ነው፤ የራሱ የትምህርት ቤት መረብ፣ ልጅን ከበር የሚወስድ አውቶቡስ፣ ትኩስ ምሳ፣ ረዘም ያለ የትምህርት ቀን። ሁለት ፈረቃ ለምትሠራ እናት ይህ ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጣል። በ1996 ደግሞ ሕጉ አገዘው፤ ያን ጊዜ መራጭ ሁለት ወረቀት ይጥል ነበር፣ አንዱ ለጠቅላይ ሚኒስትር ሌላው ለፓርቲ። ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከትልቆቹ መርጦ በሁለተኛው ወረቀት ልቡ ወዳለበት ሄደ። የናታን ሻራንስኪ የስደተኞች ፓርቲ በመጀመሪያ ሙከራው 7 ወንበር ያገኘው በዚያው ምርጫ ነው። የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ወንበር ስለመነመነ አሠራሩ በ2001 ተሻረ።

13። አስራ ሦስተኛው ስለ 1996 ከተነሳ ክታቡን አትርሱ አለ። በዚያ ምርጫ የራቢ ካዱሪ ክታብ ለመራጭ ይታደል ነበር፤ የምርጫ ሕጉ ግን መራጭን በምርቃት፣ በእርግማን ወይም በመሐላ ማግባባትን ይከለክላል። እኛም አገር ደብተራ ቢወዳደር ያሸንፍ ነበር ብሎ ቀለደና ሁለት ሰዎች ተቆጡ፤ የክሩ ጠባቂ ሦስት መልስ አጠፋ። ምን እንደነበሩ አላየሁም።

14። አስራ አራተኛው ሁሉም ሲዞረው የነበረውን ነገር አነሳ፤ የራሳችን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ፓርቲ። በ2006 አቲድ ኤሐድ የተባለው፣ በአብርሃም ንጉሤ የተመራው ዝርዝር 14 ሺህ ገደማ ድምፅ አገኘ፤ ያን ጊዜ 2 በመቶ የነበረው ደፍ ወደ 62,700 ነበር። ማኅበረሰቡ ያኔ ከ100 ሺህ ብዙም አይርቅም ነበር፣ ትልቁ ክፍልም ልጅ ነው። ጎልማሳው በሙሉ ወጥቶ አንድ ወረቀት ቢጥል እንኳ ደፉን ለመርገጥ ያዳግት ነበር። በሌላ በኩል አዲሱ መሠለ በ1996 በሌበር፣ ሽሎሞ ሞላ በቃዲማ፣ መዞር ባሃይና በሻስ፣ ፕኒና ታመኖ-ሻታ በ2013 በየሽ አቲድ ገቡ። ራሱ ንጉሤም በ2015 የገባው በሊኩድ ነው። ሒሳቡ ከዚህ በላይ ምን ይናገር አለ።

15። አስራ አምስተኛዋ ግን ሒሳቡን ገለበጠችው። ትልልቆቹ ቦታ የሚሰጡት የሚያጡት ድምፅ ሲታያቸው ነው፤ 14 ሺህ ድምፅ ከአንድ ወንበር ግማሽ ይበልጣል፣ ያ ደግሞ በየከተማው ተቆጥሮ ይታወቃል። የወደቀ ዝርዝር ለቀጣዩ ድርድር የዋጋ ማሳያ ይሆናል። ችግሩ፣ ቦታው ለአንድ ሰው ይሰጥና ሰውየው ለፓርቲው ድምፅ ሥነ ሥርዓት ተገዢ ይሆናል፤ ያኔ ማኅበረሰቡ ወንበር አለው፣ ድምፅ የለውም። አስራ አራተኛውም እሷም በየአቋማቸው ቀሩ፤ ማንም አልተረታም። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ።

16። አስራ ስድስተኛው የምርጫ ቀንን ብቻ ይዞ መጣ፤ አጻጻፉ የመመሪያ ይመስላል። ከ11 ሺህ በላይ የድምፅ መስጫ ጣቢያ አለ፤ ደፉን ለማለፍ የሚያስፈልገው 155 ሺህ ገደማ ድምፅ ሲካፈል በአንድ ጣቢያ 13 ወይም 14 ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የጣቢያ ኮሚቴ አባላት የሚመደቡት ክነሴት ውስጥ ካሉት ቡድኖች ስለሆነ አዲስ ፓርቲ የሚልከው ታዛቢ ብቻ ነው፣ ለዚያ ሁሉ ጣቢያ ታዛቢ ደግሞ አይኖረውም። መጋረጃው ጀርባ ወረቀቶቹ በየሳጥናቸው ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተንኮለኛ የትንሹን ፓርቲ ክምር ከሌላው ሥር ይሸጉጠዋል። ወረቀቱን ያጣ መራጭ ወጥቶ ለጣቢያው ጸሐፊ መናገር አለበት፤ ብዙ ሽማግሌ ግን አፍሮ ያገኘውን ይጥላል። ነጩን ወረቀት ወስዶ የፓርቲውን መለያ ፊደላት በእጅ መጻፍም ይቻላል፣ ነገር ግን የሚጻፈው በዕብራይስጥ ወይም በዐረብኛ ነው፤ በአማርኛ ከተጻፈ ድምፁ ይሰረዛል። ፖስታው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት አንድ ዓይነት ወረቀት ቢገኝ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ የሁለት ፓርቲ ወረቀት ከተገኘ ይወድቃል፣ ባዶ ፖስታም ይወድቃል። ስለዚህ ለትንሽ ፓርቲ ከመቶ ፖስተር ይልቅ ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ዞሮ ክምሩን የሚያይ አንድ ልጅ ይሻላል።

17። ከዚህ በኋላ ክሩ ወዲያና ወዲህ ሄደ። አስራ ሰባተኛው የኢትዮጵያን ምርጫ አነጻጸረ፤ በዚያ ደፍ የለም፣ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይወስዳል። በየቦታው 10 በመቶ ያለው ፓርቲ እዚህ 12 ወንበር ሲያገኝ እዚያ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ በተቃራኒው ድጋፉ አንድ ቦታ የታጨቀ ፓርቲ ያጸዳል፣ በ1997 ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም ወንበር እንዳሸነፈው። በ1997 እዚያ ምርጫ አልነበረም ያለ ሰው ተገኘና የዓመተ ምሕረቱ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ተነሳ፤ 2005 ተብሎ ታረመ።

18። አስራ ስምንተኛው ስለ ጊል አስታወሰ፤ የጡረተኞች ፓርቲ በራፊ ኢታን መሪነት በ2006 7 ወንበር አግኝቶ አገሩን አስገረመ። ብዙ የቴል አቪቭ ወጣት በትልልቆቹ ተናዶ ነው የመረጠው። በ2009 1 በመቶ እንኳ አልሞላም። የንዴት ድምፅ ቅርንጫፍ ቢሮ የለውም፣ ስልክ ቁጥር የለውም፣ ተመልሶ አይጠራም አለ። ኺሽ ጋድ ፍቆ 50 ሼቄል እንዳገኘ ሰው ነው ብሎ ወደ ሎተሪው መለሰው።

19። አስራ ዘጠነኛዋ ሎቶ መተው የፈለገ ሰው ዕጣ መውደዱን መተው የለበትም፣ እቁብ አለ አለች። 20 ሰው በወር 500 ሼቄል ቢጥል በየወሩ አንድ ሰው 10 ሺህ ይነሳል። ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ በ20 ወር ውስጥ ሁሉም የጣለውን ያነሳል። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አስቀመጠ። የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው፦ ሦስተኛ ወር ላይ አንስቶ አራተኛው ወር የሚጠፋ ሰው አለ። ስለዚህ ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት ገና ዕጣ ካልደረሳቸው አባላት ሁለት ዋስ፣ ወይም ለቀሪዎቹ ወራት ቀን የተጻፈባቸው ቼኮች ይያዛሉ። ዋሱ ካነሱት ሰዎች ከሆነ ዋስትናው ወረቀት ብቻ ነው። ቸኩሎ ገንዘብ የፈለገ ሰው የደረሰውን ሰው ዕጣ ጥቂት መቶ ሼቄል ጨምሮ ሊገዛ ይችላል፤ ይህንንም ሰብሳቢው መዝገብ ላይ ካልጻፈው ጠብ ያመጣል። ይህ መልስ ከሁሉም በላይ ተወደደ፤ አስራ ስድስተኛውን ሳይቀር አስከንድቶታል።

20። ጠያቂው ተመለሰ። የ6ኛዋን ደቦ ተቀበለ፣ የ7ኛውን ደፍ ይዞ ቀረ፣ 11ኛዋን ስለ ሁለቱ ደፍ አመሰገነ፤ ከ4ኛው ጋር ግን ሦስተኛዋን ይቅርታ እስኪጠይቅ አልነጋገርም አለ። አራተኛው አልጠየቀም።

21። የመጨረሻው መላሽ ስለ ፓርቲም ስለ ሎቶም አላነሳም፤ የእቁቡ ዳኛ የመጀመሪያውን ወር ያለ ዕጣ የመውሰድ መብት አለው ወይስ የለውም ሲል ጠየቀ።